ከተሠራው ጡት በኋላ የሚመጡት ዓመታት

የጡት ተከላ ቀዶ ሕክምና ቢበዛ አንድ ሁለት ሰዓት ነው የሚፈጀው። ሰው ስለ አደጋው ሲጠይቅም የሚጨነቀው ለእነዚያው ሰዓታት ነው። ማደንዘዣው ይጎዳኝ ይሆን? ብዙ ደም ይፈሰኝ ይሆን? በስንተኛው ቀን ከአልጋ እነሣለሁ? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው፤ መልስም አላቸው። ባለፉት ስድሳ ዓመታት ስለዚህ ሕክምና የተከማቸውን ዕውቀት አንድ ላይ አድርጎ ለሚያይ ሰው ግን ከባዱ ጥያቄ ሌላ ቦታ ላይ ይገኛል። ሲሊኮኑ ደረት ውስጥ ከገባ በአምስተኛው፣ በስምንተኛው፣ በአሥራ ሁለተኛው ዓመት ምን ይሆናል? ያኔ የሚመረምረው ማን ነው? በምን መሣሪያ?

ይህን ከቆላ ድባ ሆኖ መጠየቅ ለአንዳንዱ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ከጎንደር በስተደቡብ ምዕራብ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በደምቢያ ሜዳ ላይ ያለችው ይህች ከተማ ያላት ጤና ጣቢያና የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ነው፤ ጡት የሚሠራ የለባትም። የቆላ ድባ ልጅ ግን ቆላ ድባ ብቻ አትኖርም። ጎንደር ትማራለች፣ አዲስ አበባ ትነግዳለች፣ ቤይሩትና ዱባይ ትሠራለች፣ ዘመድ ተከትላ አሜሪካ ወይም እስራኤል ትገባለች። የትም ብትሆን የኢስታንቡል ክሊኒኮች ማስታወቂያ ስልኳ ላይ ይደርሳል። ለጥምቀት፣ ለሠርግ ወይም ለመውለድ ወደ እናቷ ቤት ስትመለስ የተሠራው ጡት አብሯት ይመጣል። አንድ ቀን ቢያብጥ የምታንኳኳው የቅርቡን በር ነው።

ያ የቅርብ በር በአገራችን የሕዝብ ጤና ታሪክ ውስጥ ትልቅ ስም አለው። በ1953 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የወባ ወረርሽኝ የደምቢያን ሕዝብ በሺዎች ፈጀ። በዓመቱ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተቋቋመ፤ ቆላ ድባ ጤና ጣቢያም የኮሌጁ ተማሪዎች ወጥተው የሚሠለጥኑበት፣ በአገሪቱ ካሉት ጤና ጣቢያዎች ቀደምቱ ከሚባሉት አንዱ ሆነ። የሥልጠናው እምነት ግልጽ ነበር፤ ሕመምተኛን አክሞ መሸኘት አይበቃም፣ እስከ ቤቷ ድረስ መከታተል ያስፈልጋል። የጡት ተከላ አደጋ የሚሰፋው ይኸው ክትትል ሲጠፋ ነው። ይህንን በዝርዝር ማየት ይገባል።

ተከላው ከሲሊኮን የተሠራ ከረጢት ነው። ውስጡ እንደ ማር የወፈረ የሲሊኮን ጄል ወይም ንጹሕ የጨው ውሃ ይሞላል። ሐኪሙ ከጡት ግርጌ፣ ከጡት ጫፍ ዙሪያ ወይም በብብት በኩል ቀዶ ከጡት ሥጋው በታች ወይም ከደረት ጡንቻው ሥር ያስቀምጠዋል። የመጀመሪያው የሲሊኮን ጄል ተከላ የተደረገው በ1962 በአሜሪካ ሂዩስተን ከተማ ነው። ሐኪሞቹ ቶማስ ክሮኒንና ፍራንክ ጄሮው፣ ታካሚዋ ቲሚ ጂን ሊንድሴይ ነበሩ። ሴትዮዋ ወደ ሆስፒታል የሄደችው ደረቷ ላይ ያለው ንቅሳት እንዲጠፋላት ነበር፤ ጡቷን ማተለቁን ያመጡት ሐኪሞቹ ናቸው። ሐሳቡ ከአቅራቢው የመጀመሩ ነገር ዛሬም አልተለወጠም። መጀመሪያ ማስታወቂያው ይመጣል፣ ቀጥሎ ልጅቷ መስተዋት ፊት ቆማ ጎደለኝ ትላለች። በቂ መረጃ ይዛ፣ አስባ የወሰነችውን ሴት ማንም ሊፈርድባት አይገባም። መረጃው ከሻጩ ብቻ ሲመጣ ግን ውሳኔው የእርሷ ነው ለማለት ይቸግራል።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ችግሮች ማንኛውም ቀዶ ሕክምና የሚያመጣቸው ናቸው፤ በቁስሉ ውስጥ ደም ወይም ፈሳሽ መቋጠር፣ የቁስል አለመግጠም፣ በእግር የደም ሥር ውስጥ ደም መርጋት፣ ማደንዘዣ አለመስማማት። የጡት ጫፍ ሊደነዝዝ ወይም ሲነኩት ሊያም ይችላል፤ ለአንዳንዷ በወራት ይመለሳል፣ ለአንዳንዷ እንደዚያው ይቀራል። ሲጋራ የምታጨስና ስኳሯ ያልተስተካከለ ሴት ለእነዚህ ይበልጥ ትጋለጣለች። ኢንፌክሽን ከሌሎቹ ለይቶ የሚታይ ነው። ባዕድ ነገር ላይ የተለጠፈ ተህዋስ ደም አይደርስበትም፣ በደም የሚሄደው መድኃኒትም እንዲሁ። ስለዚህ አንቲባዮቲክ ብቻውን ብዙ ጊዜ አያድንም፤ ሲሊኮኑ ወጥቶ፣ ቁስሉ ጠግጎ፣ ወራት ተጠብቆ ነው ሌላ የሚታሰበው።

ከዚያ በኋላ ረጅሙ ጊዜ ይጀምራል። ሰውነት የማያውቀው ነገር ሲገባበት በጠባሳ ሽፋን ይከበዋል። ይህ በሁሉም ሴት ላይ የሚሆን ነው፣ በሽታም አይደለም። በአንዳንዶች ላይ ግን ሽፋኑ እየወፈረና እየተኮማተረ ሄዶ ሲሊኮኑን ይጨምቀዋል። ሐኪሞች በአራት ደረጃ ይለዩታል። በመጀመሪያው ጡቱ ለስላሳ ነው። በሁለተኛው ሲዳሰስ ጠንከር ይላል። በሦስተኛው የቅርጹ መዛባት በዓይን ይታያል። በአራተኛው ጡቱ ይደርቃል፣ ያማል፣ በጎን መተኛት ያስቸግራል። ከባዶቹ ሁለት ደረጃዎች ላይ ከተደረሰ የሚታሰበው ሌላ ቀዶ ሕክምና ነው፤ ሽፋኑ ይወጣል፣ ሲሊኮኑ ይቀየራል ወይም ጨርሶ ይወገዳል። መንሥኤው አንድ አይደለም። ምልክት ያላሳየ ቀላል ኢንፌክሽን፣ ሳይወጣ የቀረ ደም፣ የጨረር ሕክምና ሁሉም ይጠቀሳሉ። አንድ ጊዜ የተኮማተረባት ሴት ደግሞ ቢቀየርላትም ሊደገምባት ይችላል።

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2011 ባወጣው ዘገባ ለውበት ካስገቡት ሴቶች እስከ አምስት አንዷ፣ ከጡት ካንሰር በኋላ ለመልሶ ግንባታ ካስገቡት ደግሞ እስከ ሁለት አንዷ በአሥር ዓመት ውስጥ ማስወጣት እንደሚያስፈልጋቸው ገልጿል። ማንኛዋም ሴት ቀብድ ከመክፈሏ በፊት ይህን ልትሰማ ይገባታል። በሃያ አምስት ዓመቷ ያስገባች ልጅ ስድሳ ዓመት እስኪሞላት ሁለትና ሦስት ጊዜ ወደ ቀዶ ክፍል ልትመለስ ትችላለች። እያንዳንዱ መመለስ አዲስ ማደንዘዣ፣ አዲስ ቁስልና አዲስ ክፍያ አለው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ለውበት የሚደረግን ሕክምና ስለማይሸፍን ገንዘቡ የሚወጣው ከቤት ነው።

መቀደድ ሌላው ጉዳይ ነው። የጨው ውሃ የያዘው ከረጢት ሲቀደድ ጡቱ ወዲያው ይሟሽሻል፤ ሴትዮዋ ራሷ ታውቀዋለች። የሲሊኮን ጄሉ ግን ተቀድዶም ዝም ይላል። ጄሉ በጠባሳው ሽፋን ውስጥ ታግቶ ይቆያል፣ ቅርጹ አይለወጥም፣ ሕመምም ላይኖር ይችላል። አንዳንዴ ከሽፋኑ አልፎ በብብት ወዳሉት ዕጢዎች ሄዶ እብጠት ይሠራል። በዚህ ምክንያት ነው የአሜሪካው ተቆጣጣሪ ምንም ምልክት የሌላት ሴት እንኳ ከተከላው አምስትና ስድስት ዓመት በኋላ በአልትራሳውንድ ወይም በኤምአርአይ እንድትታይ፣ ከዚያም በየሁለትና ሦስት ዓመቱ እንድትደግም የሚመክረው።

ይህን ምክር ወደ ደምቢያ እናምጣው። በጤና ጣቢያ ደረጃ ያለው አልትራሳውንድ በዋናነት ለነፍሰ ጡር የተመደበ ነው፤ አዋላጇ የሠለጠነችው ጽንሱን ለማየት ነው እንጂ የተቀደደ ሲሊኮን ለመለየት አይደለም። ለዚያ የሬዲዮሎጂ ባለሙያ ያስፈልጋል፣ እሱም የጡት ተከላ አይቶ የሚያውቅ። ስለዚህ ጉዞው ቢያንስ እስከ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፣ አንዳንዴም እስከ አዲስ አበባ ነው። ከ2023 ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት መንገድ የተዘጋ ቀን 35 ኪሎ ሜትሩም አይደፈርም። ሕመም ለሌለበት ነገር ይህን ሁሉ ወጪና እንግልት የምትሸከም ሴት ጥቂት ናት። ምርመራው ይቀራል፣ ዓመታቱም ይሄዳሉ።

እስካሁን ያልነው ሁሉ ዕቃው በሕጉ መሠረት የተሠራ ነው ብለን ነው። ያልተሠራበትም ጊዜ አለ። ፖሊ ኢምፕላንት ፕሮቴዝ የተባለውን የፈረንሳይ ኩባንያ ዣን ክሎድ ማስ በ1991 አቋቋመ። በመጋቢት 2010 የፈረንሳይ ተቆጣጣሪዎች ፋብሪካውን ሲፈትሹ ለሕክምና ባልተፈቀደ፣ ለኢንዱስትሪ በሚውል ርካሽ ሲሊኮን ሲሞላ እንደኖረ ደረሱበት። ዕቃው በ65 አገሮች ተሸጦ ነበር፤ የሴቶቹ ቁጥር 300 ሺህ ያህል ይገመታል። በ2011 መጨረሻ የፈረንሳይ መንግሥት 30 ሺህ ለሚሆኑ ፈረንሳውያት አስወጡት ብሎ መከረ። ማስ በታኅሣሥ 2013 በማጭበርበር ወንጀል አራት ዓመት እስራት ተፈረደበት። ዕቃው የአውሮፓን የጥራት ምልክት የያዘ ነበር፤ ምልክቱም ሲሊኮኑም የታመኑት በወረቀት ነበር። ይህ ከተሰማ በኋላ «እኔ ያስገባሁት የማን ነው?» ብለው የጠየቁ ብዙ ሴቶች መልስ አላገኙም። ያስገባላቸው ክሊኒክ ተዘግቷል፣ ፋይሉ ጠፍቷል። ኔዘርላንድስ በ2015፣ ብሪታንያ በ2016 የጡት ተከላዎች ብሔራዊ መዝገብ መክፈታቸው ከዚህ ልምድ የመጣ ነው።

በእኛ አገር በ2019 የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የሕክምና መሣሪያን መቆጣጠር ለኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሰጥቷል። ያ ሥልጣን በአገር ውስጥ በሚገባውና በሚሸጠው ላይ ይሠራል። ቦሌ ላይ በሴት ደረት ውስጥ ሆኖ የሚያልፈውን ማንም አይመዘግበውም። የእርሷ ብቸኛ መዝገብ ሐኪሙ የሚሰጣት ካርድ ነው፤ የአምራቹ ስም፣ ሞዴሉ፣ መጠኑ፣ የላዩ ዓይነትና የመለያ ቁጥሩ ያለበት። ካርዱን ከልደት ወረቀትና ከፓስፖርት ጋር ማስቀመጥ፣ ፎቶ አንሥቶም በስልክ መያዝ ያስፈልጋል። ካርድ አንሰጥም ከሚል ክሊኒክ መውጣት ነው።

የላዩ ዓይነት የሚለው ነገር ለምን እንደሚያስፈልግ ቀጥሎ የሚመጣው ታሪክ ያስረዳል። ከረጢቱ ልሙጥ ወይም ሸካራ ሆኖ ይሠራል። ሸካራው እንዳይንሸራተትና ሽፋኑም እንዳይኮማተር ተብሎ የመጣ ነበር። በ2011 የአሜሪካው ተቆጣጣሪ ከተከላ ጋር ሊያያዝ የሚችል አንድ ያልተለመደ ሊምፎማ መኖሩን አሳወቀ፤ በ2016 የዓለም ጤና ድርጅት በሽታውን ራሱን የቻለ አድርጎ ተቀበለው። ይህ የጡት ካንሰር አይደለም። በጠባሳው ሽፋንና በሲሊኮኑ ዙሪያ ባለው ፈሳሽ ውስጥ የሚነሣ የነጭ ደም ሕዋሳት ካንሰር ነው፤ የተያያዘውም በዋናነት ከሸካራው ዓይነት ጋር ነው። በሚያዝያ 2019 ፈረንሳይ በጣም ሸካራ የሆኑትን አገደች። በዚያው ዓመት ሐምሌ 24 ቀን አለርጋን የተባለው ኩባንያ ባዮሴል የሚባሉ ምርቶቹን ከዓለም ገበያ ሁሉ ሰበሰበ። በዚያን ጊዜ በአሜሪካው ተቆጣጣሪ ከተመዘገቡት 573 ሕመምተኞች 481ዱ የዚህን ኩባንያ ተከላ የያዙ ነበሩ፤ 33 ሰዎች ሞተዋል። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሴቶች ተከላ እንደያዙ ሲታሰብ በሽታው ብርቅ ነው፤ ማንም ከዚህ የተነሣ እንቅልፍ ማጣት አይገባውም። በሽታው ግን በአማካይ ከስምንት እስከ አሥር ዓመት ቆይቶ ይመጣል፤ ክትትል ከተቋረጠ፣ ሐኪሙም ከተረሳ በኋላ ማለት ነው። በጊዜ ከተገኘ ሲሊኮኑንና ሽፋኑን ሙሉ በሙሉ በማውጣት ብቻ አብዛኞቹ ይድናሉ። በ2022 ደግሞ ተቆጣጣሪው በዚያው ሽፋን ላይ ሌሎች ካንሰሮችም፣ በጣም ጥቂት ቢሆኑም፣ መታየታቸውን አስታውቋል።

ድካም፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የፀጉር መሳሳት፣ የሐሳብ መበታተን ያሉባቸው ሴቶች ሕመማቸውን ከተከላው ጋር ሲያያይዙ ቆይተዋል። ጉዳዩ ረጅም ክርክር አለው። በ1992 አሜሪካ የሲሊኮን ጄሉን ከጥናትና ከመልሶ ግንባታ በስተቀር አገደች፤ በ1995 ዳው ኮርኒንግ የተባለው ትልቅ አምራች በክስ ብዛት ለኪሳራ ጥበቃ አመለከተ፤ በ1999 የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት ተከላው እንዲህ ያሉ በሽታዎችን እንደሚያመጣ ማስረጃ አላገኘሁም አለ፤ በ2006 ዕቃው ተመለሰ። ክርክሩ በዚያ አላበቃም፤ በ2021 እነዚህ ምልክቶች በተቆጣጣሪው ማስጠንቀቂያ ውስጥ ገብተዋል፣ ሲያስወጡት የተሻላቸውም አሉ። እንደ እኔ እምነት እንዲህ ያለችን ሴት «ጭንቀት ነው» ብሎ መመለስ ትክክል አይደለም። ደሟ፣ የእንቅርት ዕጢዋ፣ መገጣጠሚያዋ ይመርመር፤ ሌላ ምክንያት ከሌለ ማስወጣት እንደምትችል በግልጽ ይነገራት።

ደምቢያ ውስጥ ግን ከዚህ ሁሉ ቀድሞ የሚነሣው ማጥባት ነው። ብዙ ሴቶች ተከላ ኖሮባቸውም ያጠባሉ። ይሁን እንጂ ወተቱ ሊያንስ ይችላል፣ በተለይ ቀዶው በጡት ጫፉ ዙሪያ የሄደ ከሆነ፤ የወተት ቧንቧዎችና ነርቮች በዚያ መንገድ ላይ ናቸው። በወተቱ በኩል ሕፃኑን የሚጎዳ ነገር መተላለፉ አልተረጋገጠም። ገና ያልወለደች ልጅ ከሐኪሟ መጠየቅ ያለባት የመጀመሪያ ጥያቄ «በየት በኩል ትቀዳለህ?» የሚለው ነው። አራሷን ደግሞ ጤና ኤክስቴንሽኗ ሳትፈርድ መጠየቅ፣ ሕፃኑን ቶሎ ቶሎ መመዘን አለባት። ልጁ ሳይጠግብ እናቲቱ አፍራ ዝም ካለች የሚጎዳው ልጁ ነው።

ከጡት ካንሰር ጋር ያለው ግንኙነት በሁለት በኩል ይታያል። ተከላው የጡት ካንሰርን አይጨምርም፤ በማሞግራፊ ላይ ግን የጡቱን ክፍል ይጋርዳል። ስለዚህ የምታነሣው ባለሙያ ሲሊኮኑን ወደ ኋላ ገፍታ ተጨማሪ ምስል መውሰድ አለባት፤ ለዚህ ደግሞ ሴትዮዋ ቀድማ መናገር ይኖርባታል። ወደ ሌላው በኩል ስንመጣ የጡት ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከሚታዩት ካንሰሮች ቀዳሚው ነው፤ አብዛኞቹ የሚደርሱትም ዘግይተው ስለሆነ ጡት ሙሉ በሙሉ ይቆረጣል። አንድ ጡቷን ያጣች እናት ጋቢዋን በዚያ በኩል አጥብቃ ስትለብስ፣ ጨርቅ አጥፋ በጡት መያዣዋ ውስጥ ስታስገባ እናያለን። ተከላ የሚገባው ሰው ካለ እርሷ ናት። ግን ለእርሷም መንገዱ ቀላል አይደለም። የጨረር ሕክምና የወሰደ ቆዳ ሲሊኮንን በደንብ አይቀበልም፤ መኮማተሩም፣ ቁስል ተከፍቶ ሲሊኮኑ መውጣቱም ይበዛል። ለእንዲህ ያለችው ሴት ከጀርባዋ ወይም ከሆዷ የራሷን ሥጋ ወስዶ ጡት መሥራት ብዙ ጊዜ የተሻለ ነው። ሥራው ረጅም ነው፣ የሠለጠነ የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም ይጠይቃል፤ በአገራችን ያሉት ጥቂቶች ደግሞ በአብዛኛው አዲስ አበባ ሆነው ቃጠሎና አደጋ ሲያክሙ ይውላሉ። በጡት መያዣ ውስጥ የሚደረገው ሰው ሠራሽ ጡት ቀዶ አይፈልግም፣ አያብጥም፣ አይቀደድም። እሱን በየሆስፒታሉ ማቅረብ ትንሽ የሚመስል ትልቅ ሥራ ነው።

ርካሽ ዋጋ ፍለጋ ባሕር የሚሻገሩትን በተመለከተ ከኢስታንቡል ይልቅ በደንብ የተጠናው የዶሚኒካን ሪፐብሊክ ጉዳይ ነው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ከ2009 እስከ 2022 እዚያ ለውበት ቀዶ ሕክምና ሄደው የሞቱ 93 አሜሪካውያንን መዝግቧል፤ ብዙዎቹ የተደረገላቸው ስብ የማውጣት ሥራ ነበር፣ ከዋና ምክንያቶቹም ስብ ወይም የረጋ ደም ወደ ሳንባ መሄድ ይገኝበታል። ሌሎች ደግሞ ከሳንባ ነቀርሳ ተህዋስ ዘመድ የሆነ፣ በተለመደው አንቲባዮቲክ የማይሞት ኢንፌክሽን ይዘው ተመልሰው ለወራት ታክመዋል። ቀዶ በተደረገ በጥቂት ቀናት ውስጥ ረጅም በረራ መሳፈር የደም መርጋትን አደጋ ይጨምራል። አጓጊው ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ የሚያካትተው ቀዶውንና ሆቴሉን ነው፤ አምስተኛውን ዓመት አያካትትም።

በመርፌ የሚወጋ ሲሊኮንም አለ፤ ይህ ከከረጢቱ ጋር ፈጽሞ መምታታት የለበትም። ጡት ውስጥ የተወጋ ፈሳሽ ሲሊኮን ይበተናል፣ ያቆስላል፣ ተለቅሞም አያልቅም። ከዚህ መራቅ ነው። ጡት ያሳድጋል ተብለው የሚሸጡት ቅባቶችና እንክብሎችም እንደሚሠሩ ማስረጃ የላቸውም።

በቆላ ድባም ሆነ በሌላ የገጠር ከተማ ለሚሠራ የጤና መኮንን ወይም ነርስ ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንዱ ከሌሎቹ ይበልጣል። ከዓመታት በፊት ጡቷን የተሠራች ሴት አንዱ ጡቴ በድንገት አበጠ ብላ ብትመጣ፣ ትኩሳት ባይኖራትም፣ መግል ነው ብሎ በቢላዋ መክፈት አይገባም። ሲሊኮኑ ሊበሳ ይችላል፤ አንቲባዮቲክ ሰጥቶ መሸኘትም ጊዜ ያባክናል። ካርዷ ይጠየቅ፣ ሪፈር ይጻፍላት፣ በሪፈሩ ላይም ተከላ እንዳለባትና ስንት ዓመት እንደሆነው ይጠቀስ። ጎንደር ስትደርስ ፈሳሹ በአልትራሳውንድ እየታየ በቀጭን መርፌ ይቀዳል። የተቀዳው እንዳይደፋ፤ ሙሉው ወደ ፓቶሎጂ ይላክና ሲዲ 30 የተባለው የሊምፎማ ምልክት ይፈለግ። ምርመራው እዚያ የማይሠራ ቢሆን ናሙናው ወደሚሠራበት ይሂድ፤ ሴትዮዋ ግን ውጤቱን የምትሰማበት ቀንና ስልክ ቁጥር ሳትይዝ ወደ ደምቢያ አትመለስ።